የጋሽ ልሣነወርቅ ዝሆን

ሱቄ ደረጃ ሥር ናት፣ ፒያሳ፣ ወርዷ ሁለት ክንድ፤
ሰዓት እጠግናለሁ፣ አንዱን በውድ አንዱን በግድ።
ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ በሬን ቆልፌ፣
ከሲኒማው ጀርባ ሻይ ቤት፣ ጎሚስታውን አልፌ፣
እቀመጣለሁ፣
ለመሸነፍ።

ያፌት ሃያ ዓመቱ ነው፤ ስልክ ያስተማረው ልጅ፤
እስከ አሥራ አምስተኛው እርምጃ ያውቃል፣ ሳያስብ፣ በእጅ።
ነጭ ሲደርሰው ይገድለኛል፣ ጥቁር ሲደርሰው ያደማኛል።
ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ሻዩን የምከፍል እኔ፤
እሱ ስኳር ያማስላል።

በነሐሴ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ደንበኛ ጠፍቶ፣ ሱቅ ውስጥ እኔና ዝንብ፣
የታችኛውን መሳቢያ ሳብኩ፤
የጋሽ ልሣነወርቅን ደብተር አገኘሁ።
ሰዓታቸውም እዚያው ነው፤
«ሰኞ እወስደዋለሁ» እንዳሉ ማክሰኞ ቀበርናቸው።

ፊደል ለቃሚ ነበሩ፣ አራት ኪሎ፣ ማተሚያ ቤት።
የእርሳስ ፊደል ገልብጦ ማንበብ የለመደ ሰው
ቼዝንም ከጥቁር በኩል ነው የሚያየው።
ጳጳስ አይሉትም፤ «ፊል ነው» ይሉ ነበር፣ «ዝሆን፤
ሰው ስሙን ስለ ረሳው ክብደቱ ይቀንሳል እንዴ አሁን?»

ደብተሩ ውስጥ፣ ገጽ ሠላሳ ሁለት ላይ፣
«የዝሆን ጋምቢት» ይላል፣ ርእሱ በቀይ፤
ከጎኑ የሌላ ሰው እጅ፣ በሰማያዊ ቀለም፣
«ይህ የሞተ መክፈቻ ነው፤ ማንም አይሞክረውም።»
ከዚያ በታች የሳቸው እርሳስ፣ ደብዝዞ፦
«ለሞተ ማን ዘብ ይቆማል?»

ሦስት ሳምንት አጠናሁ፣ መብራት ሲሄድ በሻማ፤
ሁለት ወታደር ጠፍተውብኝ በሰዓት ጥርስ ተካሁ።
እቴነሽ «ከማን ጋር ነው?» አለች፣ እንቅልፍ አልስማማ
ብሏት፤ «ከሙት ጋር» አልኳት።
አማተበች። ዞራ ተኛች።

እውነቱን ልናገር፣ መክፈቻው ቀሽም ነው።
ነጭ ከነቃ፣ ከአሥር ሰባቱን የሚያሸንፈው እሱ ነው።
ጥቁር ወታደሩን በነጻ ይጥላል፣ አጥሩን ይከፍታል፤
ግን ያልጠረጠረ ይመነጠራል።
አንድ ጊዜ።
አንድ ጊዜ ይበቃኛል።

መስከረም። ውጭ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል።
ያፌት ነጭ ደረሰው፤ ስኳሩን ያማስላል።
የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ገፋ፤ ፊት ለፊቱ ገታሁት፤
ፈረሱ ዘሎ ወጣና ወታደሬ ላይ አፈጠጠበት።
ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ፈረስ አውጥቶ ይጠብቃል።
እኔ
የንግሥቴን ወታደር ሁለት ቤት ወደ እሳቱ ገፋሁት።

ማንኪያው ቆመ።

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሰሌዳውን አየ፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ጣሪያውን፤
ኪሱን ዳሰሰ፤ ሕጉ ትዝ ሲለው መለሰ ጣቱን።
ሰዓቱ፣ እኔው የሠራሁት ሰዓት፣ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር፤
ያ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው አሰበ፣ በላብ፣ በግንባር።

በላልኝ። ፊሌ ከጎጆው ወጥቶ ከወታደሬ ኋላ ቆመ፤
ወታደሬ አንድ ቢገፋ ፈረሱ ወደ ኋላው አዘገመ።
«የተናቀ ከተማ በአህያ ይወረራል» ይላል ያገሬ ሰው፤
እኔ በዝሆን መጣሁ፣ አቧራው ሳይታይ፣ ኮቴው ሳይሰማው።
በሠላሳ አንደኛው ንጉሡን አጋደመ።

የዚያን ለት ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ብቻዬን እየሳቅኩ ወረድኩ፤
ሎተሪ አዟሪው «ደረሰህ እንዴ?» ሲለኝ
«አዎ» አልኩ።

በሳምንቱ ነጭ እኔ ነበርኩ።
ወታደሬን ገፋሁ፤ ገታኝ። ፈረሴን አወጣሁ።
ያፌት ሻዩን አላማሰለም።
እጁ ንግሥቲቱ ፊት ወዳለው ወታደር ሄደ፤
በሁለት ጣት ያዘው፣ ቀስ ብሎ፣
ፊደል እንደሚለቅም።

ያኔ ገባኝ። ከነጭ በኩል አይቼው አላውቅም ዝሆኑን፤
ሦስት ሳምንት ጀርባው ላይ ተቀምጬ መች አየሁ ጥርሱን!
ላቤ አገጬ ላይ ተንጠባጠበ፤ የሠራሁት ሰዓት በኔው ፈረደ።
ተሸነፍኩ።

ሻዩን እኔ ከፈልኩ፣ የሦስት ሰው።
አስተናጋጇ «ሁለት ናችሁ» ስትለኝ
«ልክ ነሽ» አልኳት፤ «ግን ተዪው።»